የትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ኪራይ፦ ከድብ ባሕር እስከ ጎንደር

ደባርቅ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከአንድ የጭቃ ቤት ጀርባ አምስት ክፍሎች በተርታ ተሠርተዋል። ከአምስቱ በአንደኛው አራት ወንዶች ልጆች ይኖራሉ። ሁለት ፍራሽ ጎን ለጎን ሲነጠፍ ወለሉ ያልቃል። በበሩ ጥግ የከሰል ምድጃ፣ አንድ ብረት ድስትና ቢጫ ጀሪካን አለ። ከማገሩ ላይ በገመድ የተንጠለጠሉ አራት የማዳበሪያ ከረጢቶች ይታያሉ፤ አይጥ እንዳይደርስባቸው ነው። በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ የባለቤቱ ስም በእስክርቢቶ ተጽፏል። አንደኛው ሲፈታ ድርቆሽ፣ በፌስታል የተቋጠረ ሽሮ፣ ትንሽ በርበሬና በሶ ይወጣል። ይህ የአንድ ልጅ የሳምንት ስንቅ ነው። ዓርብ ከሰዓት ከረጢቱ ባዶ ሆኖ ይወርዳል፤ እሑድ ሞልቶ ይመጣል።

ልጆቹ ከሊማሊሞ ገደል በታች፣ ከድብ ባሕርና ከዙሪያዋ የመጡ ናቸው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ቆርጦ የሠራው መንገድ እየተጠማዘዘ ከሚወርድበት ግርጌ ነው አገራቸው። እዚያ ታች ሙቀት ነው፤ ደባርቅ ደግሞ ውርጩ አጥንት ይገባል። ስለዚህ ከቤት ሲወጡ መጀመሪያ የሚገዛላቸው ደብተር አይደለም፤ ብርድ ልብስ ነው። ማታ ማታ አምፖሉ ሥር ተጠጋግተው ያጠናሉ። ባለቤቲቱ በሩን ቆርቆር አድርገው፣ «እናንተ ልጆች፣ ቆጣሪው እየበላ ነው» ሲሏቸው «እሽ እትዬ፣ ይቺን ብቻ» ይላሉ። ይቺ ብቻ የሚሏት የሒሳብ ጥያቄ ግማሽ ሰዓት ትፈጃለች። እትዬም ያውቃሉ፤ ለግማሽ ሰዓት አይመለሱም።

ከልጆቹ የአንዱ አባት ለገበያ ወጥተው ክፍሉን ሊያዩ ገብተው ነበር። ዱላቸውን ከበሩ አስደግፈው፣ ፍራሹ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ «ትምህርቱ ነፃ ነው ይሉናል» አሉ። «እውነት ነው፣ ትምህርት ቤቱ ምንም አይለንም። እኛ ግን በየወሩ እንከፍላለን። ለእትዬ እንከፍላለን።»

ከተሜው ወላጅ ለዓመታት በየካፌውና በየቢሮው ሲከራከርበት የኖረውን ጥያቄ እኚህ ገበሬ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ልጅን የግል ትምህርት ቤት አስገብቶ በየወሩ መክፈል ይሻላል? ወይስ ጥሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ካለበት ሰፈር ተጠግቶ ያንኑ ገንዘብ ለኪራይ ማድረግ? ጥያቄው የአዲስ አበባ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን ከድብ ባሕር እስከ ጎንደር ባለው መንገድ ላይ ጥያቄው ራቁቱን ቆሞ ይታየኛል። በዚህ መንገድ ላይ ያለ ቤተሰብ ሁሉ ለልጁ ትምህርት ለሆነ ሰው ይከፍላል። ልዩነቱ ገንዘቡ በትምህርት ቤቱ መስኮት ይገባል ወይስ በአከራዩ እጅ የሚለው ነው።

ጎንደር ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በከተማዋ ዳር፣ አዘዞ ውስጥ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት ሰኔ ላይ ይህንኑ ሒሳብ ይዘው ተቀምጠዋል። እሱ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ እሷ በመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ሁለት ልጆቻቸው ሰፈሩ ውስጥ ባለ የግል ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ ሦስተኛዋ በመጪው ዓመት ትገባለች። የትምህርት ቤቱ የጭማሪ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። በደብተር ወረቀት ላይ ያሰፈሩት ይህ ነው፦ ለአንድ ልጅ በወር 2,000 ብር፣ ለ10 ወር 20,000 ብር፤ ሦስት ልጅ ሲሆን 60,000 ብር። መመዝገቢያ፣ ዩኒፎርምና መጽሐፍ ገና አልተደመረም። በሌላው ዓምድ ኪራይ ነው። አሁን በወር 4,000 ብር ይከፍላሉ። መሀል ከተማ፣ ከጥሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት በእግር የሚደረስ ቦታ፣ ያንኑ የሚያህል ሁለት ክፍል 7,500 ብር ተጠይቀዋል። ልዩነቱ በወር 3,500፣ በዓመት 42,000 ብር ነው።

«ሁለት ልጅ ቢሆኑ ባሉበት ይማሩ እልሽ ነበር» አላት፤ «40,000ና 42,000 ያው ነው።»

«ሦስት ናቸዋ» አለች እሷ፣ እስክርቢቶውን ከእጁ እየወሰደች።

በዚህ ክርክር ውስጥ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። የትምህርት ቤት ክፍያ በልጅ ይባዛል፤ ኪራይ አይባዛም። አንድ ልጅ ያለው ቤተሰብ ለግል ትምህርት ቤት ቢከፍል ሒሳቡ ያዋጣዋል፤ ሦስትና አራት ያለው ግን አንድ ጊዜ ሰፈር ቢቀይር ሁሉም ልጆች በዚያው ኪራይ ይማራሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ክፍያው 10 ወር ነው፤ ኪራዩ ክረምት አያውቅም። ክፍያው ልጁ 12ኛ ሲጨርስ ያበቃል፤ ኪራዩ ከዚያም በኋላ ይቀጥላል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የደመወዝ ማሻሻያ ለጀማሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ምሩቅ የተቆረጠው መነሻ 11,500 ብር ነው። ከዚህ ላይ ግብር ሲነሳ፣ የሦስት ልጆች የወር ክፍያም ሆነ የመሀል ከተማ ኪራይ የአንዱን ወላጅ ደመወዝ ከግማሽ በላይ ይወስዳል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ልክፈል ማለት አይቻልም። ለዚህ ነው ወረቀቱ ላይ ሁለት ዓምድ የተሰመረው።

መሀል ከተማ ለድሃ ልጅ ቅርብ የነበረበት ጊዜ እንደነበር ወጣት ወላጆች ብዙ ጊዜ አያስታውሱትም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ፣ ቁጥር 47/1967፣ ትርፍ ቤቶችን ወርሶ ኪራይ ቀነሰ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ወደ መንግሥት የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ሄዱ። በጎንደርም በፒያሳና በአራዳ ዙሪያ፣ ከገበያውና ከአንጋፋዎቹ ትምህርት ቤቶች አጠገብ፣ ጠላ ሻጭዋና ዘበኛው ከነልጆቻቸው በቀበሌ ቤት ለአሥርት ዓመታት ኖሩ። የእነዚያ ቤተሰቦች ልጆች ፋሲለደስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በእግራቸው ሄደው ከሐኪሙና ከዳኛው ልጅ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ቤቱ ጠባብ ነበር፤ ጣሪያው ያፈስ ነበር። ቦታው ግን መሀል ነበር፤ ቦታው ራሱ ትልቅ ድጎማ ነበር።

በዚያው ዘመን የግል ትምህርት ቤቶችም ተወርሰው ስለነበር ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ያለው ሁሉም የሚገባበት አንድ በር ነው። በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በሩን ለግል ባለሀብት መልሶ ከፈተ። ገንዘብ ያለው ወላጅ ቀስ በቀስ ልጁን ከመንግሥት ትምህርት ቤት አወጣ። እሱ ሲወጣ ገንዘቡ ብቻ አልወጣም። በወላጅ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ «የፊዚክስ መምህር ለምን የለም?» ብሎ የሚጠይቀው ሰውዬም አብሮ ወጣ። እኔ የዚህን ጉዳት ከገንዘቡ አስበልጬ አየዋለሁ። ዛሬ ደግሞ የቀበሌ ቤቶቹ አርጅተዋል፤ የኮሪደር ልማቱም በየመንገዱ ዳር ያለውን እያነሳ ነው። መሀል ከተማ የነበረው ያ ድጎማ ቤት በቤት እያለቀ ነው።

ታዲያ ወላጅ በሁለቱም መንገድ የሚገዛው ምንድን ነው? የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የሀገሪቱ ገመና ተገልጧል። ከ2014 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ወደ 3.2 ወረደ፤ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ። በ2015 ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከእነዚያ ውስጥ በወርሃዊ ክፍያ የሚያስተምሩም ነበሩ። በአንጻሩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ያስፈተኗቸውን ብዙዎቹን፣ አንዳንዶቹም ሁሉንም አሳልፈዋል። እነዚያ አዳሪ ትምህርት ቤቶች የተመረጡ ልጆችን እንደሚወስዱ አውቃለሁ። ሆኖም አንድ ሌላ ነገርም አላቸው፤ ተማሪው የሚተኛው ከሚማርበት ግቢ ውስጥ ነው። መንገድ የለም፣ ውሃ መቅዳት የለም፣ ማታ መብራትና የሚጠይቀው ሰው አለ።

በመንግሥትና በግል ትምህርት ቤት መካከል ያለው ልዩነት ከውጭ እንደሚታየው ቀጥ ያለ አይደለም። ጥሩ የግል ትምህርት ቤት ክፍሉ አይጨናነቅም፣ መምህር ሲቀር ተጠያቂ አለ፣ ልጁ ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ይውላል፣ እንግሊዝኛውን ቀድሞ ይጀምራል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ወላጅ በዚህ መሳቡ አያስገርምም። ነገር ግን በብዙ የግል ትምህርት ቤት መምህሩ በየዓመቱ ይቀየራል፤ የተሻለ ያገኘ ቀን ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ገብቶ ሒሳብ የሚያስተምረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠዋት በመንግሥት ትምህርት ቤት ያስተማረው ያው መምህር ነው። አንጋፋ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራው አቧራ ቢለብስም፣ ክፍሉ ቢጠብም፣ 20 ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማረ ሰው ግቢው ውስጥ ይገኛል። የአዘዞዋ መምህርት ይህን ከውስጥ ስለምታውቀው ነው እስክርቢቶውን የወሰደችው። «እኔ የማስተምራቸው ልጆች ከኔ ልጆች አያንሱም» አለች። «የሚያንሱት ቤት ሲገቡ ነው። አንዷ ውሃ ትቀዳለች፣ አንዱ ሱቅ ይቀመጣል፣ አንዷ አንድ ሰዓት ሙሉ በእግር ትሄዳለች።»

ውሃውን እንደ ቀላል ነገር ማለፍ አይገባም። ጎንደር የውሃ ችግር የከበዳት ከተማ ናት። አንገረብ ግድብ ለዛሬው ሕዝቧ አይበቃም፤ የመገጭ ግድብ ደግሞ ስንት ዓመት ሲጠበቅ ኖሯል። ሰፈር ሲመረጥ ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ መጠየቅ የትምህርት ጥያቄም ነው። ጀሪካን ይዛ ወረፋ የምትቆመው ብዙ ጊዜ የ8ኛ ክፍሏ ልጅ ናትና። የባጃጁም ሒሳብ እንዲሁ ነው፤ ከዳር ሰፈር ሁለት ልጅ ጠዋትና ማታ በባጃጅ ማመላለስ በወሩ መጨረሻ ከአንድ ልጅ የግል ክፍያ ጋር ይተካከላል። ከዚህ ላይ ልጆችን አግቶ ገንዘብ የመጠየቁ ሥጋት ሲጨመር ብዙ እናቶች ልጃቸውን እስከ በሩ ካላደረሱ አያርፉም፤ የሥራ ሰዓታቸውም በዚያው ይቆረጣል። ከትምህርት ቤት አጠገብ መኖር ይህን ሁሉ አንድ ላይ ያስቀራል። የሚከፈለው ኪራይ የቤት ብቻ አይደለም፤ የልጁ የቀን ሁለት ሰዓት፣ የእናቲቱም የልብ ዕረፍት ዋጋ ነው።

የሰሜኑ ጦርነት ይህን ሁሉ ሒሳብ አናግቶታል። በነሐሴ 2013 ውጊያው ከሊማሊሞ በታች ያለውን አገር አዳርሶ እስከ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ሲገባ፣ የተፈናቀለው ሕዝብ ደባርቅንና ዳባትን ሞላቸው፤ መማሪያ ክፍሎች መጠለያ ሆኑ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2015 ክረምት፣ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሳ። የክልሉ ትምህርት ቢሮ በ2017 ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን ገልጿል። ቁጥሩን አንብቦ ማለፍ ይቀላል። ለአንድ የሰሜን ጎንደር ገበሬ ግን ይህ ማለት የቀበሌው ትምህርት ቤት በር ተዘግቶ ልጁ ጢም ሲያበቅል ማየት ነው። አቅም ያለው ልጁን ወደ ከተማ ሰደደ። ጎንደር ያለ አክስት፣ ያለ የክርስትና አባት፣ ያለ የሩቅ ዘመድ ሁሉ በሩ ተንኳኳ። ዘመድ የሌለው ተከራየ። ለዚህ ቤተሰብ «ጥሩ ትምህርት ቤት የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ቀርቷል፤ የሚጠይቀው «ክፍት የሆነው የቱ ነው?» ብሎ ነው። ክፍት ትምህርት ቤት ያለባቸው ከተሞች ኪራይ ቢወደድ ታዲያ ምን ይገርማል?

ደባርቅ በተለይ ብዙ ጫና በአንድ ላይ ወድቆባታል። በ2008 ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የተነሱት የግጭ መንደር ነዋሪዎች እዚያ ሰፈሩ፤ በ2010 ዩኒቨርሲቲዋ ሥራ ጀመረች፤ ከዚያ ተፈናቃዩ መጣ። መምህሩም፣ ነርሱም፣ ተፈናቃዩም፣ የድብ ባሕሩ ተማሪም የሚፈልጉት አንድ ዓይነት ክፍል ነው። ከአራቱ ዋጋ ለመጨመር አቅም የሌለው ተማሪው ነው። ስለዚህ አራት ሆነው ይገባሉ፤ ከከበደ አምስት።

ሴት ልጅ ስትሆን ነገሩ ይከብዳል። አራት ልጃገረዶች ብቻቸውን በጭቃ ክፍል ማኖር አባትን እንቅልፍ ይነሳዋል፤ ሥጋቱም መሠረት አለው። አንዳንዱ አያትን አብሮ ይልካል፤ አያትየዋ ከተማ ገብተው ሽሮ እየሠሩ ሁለት ሦስት የልጅ ልጅ ይጠብቃሉ። አንዳንዱ ታናሽ ወንድሟን ይልክና እሷ እንደ እናት እያበሰለች ትማራለች። ያልቻለው «8ኛ ይበቃታል» ይላል። በዚያ ቃል የሚያልቀውን ዕድል ከኪራዩ ዋጋ ጋር ያስተያየ ወረዳ ቢኖር ኖሮ እስካሁን መፍትሔ በተገኘ ነበር።

ለትምህርት ሲባል ከቤት መውጣት በዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የአባቱን ቤት ትቶ፣ ለዜማ አንዱ ደብር፣ ለቅኔ ሌላው፣ ለአቋቋም ጎንደር በዓታ ድረስ ይሄድ ነበር። የሚኖረው መምህሩ ደጅ በተቀለሰች ጎጆ ነው፤ የሚበላውን የመንደሩ ሰው ይሰጠዋል። ያ ሥርዓት ችግርና ረኀብ የሞላበት ነበር፤ አላስጌጠውም። አንድ ነገር ግን አውቆ ነበር፤ ተማሪ መምህሩ ካለበት ቦታ ማደር እንዳለበትና ማደሪያውም የማኅበረሰቡ ሁሉ ጉዳይ እንደሆነ። ዘመናዊው ትምህርት ወንበሩንና ጥቁር ሰሌዳውን ይዞ ሲመጣ ማደሪያውን ለአባትየው ኪስ ተወው።

በሌላው ዓለም ይህ የክፍያና የኪራይ ክርክር በቤት ዋጋ ተተርጉሟል። በአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤት የሚገባው በመኖሪያ ወሰን ነው፤ ገንዘቡም በከፊል ከአካባቢው የቤት ግብር ይመጣል። ሳንድራ ብላክ የተባለች የምጣኔ ሀብት ባለሙያ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ በማሳቹሴትስ በትምህርት ቤት ወሰን ግራና ቀኝ የቆሙ ቤቶችን አነጻጽራ፣ የፈተና ውጤት በ5 በመቶ ከፍ ላለ ትምህርት ቤት ወላጆች ለቤቱ 2.5 በመቶ ገደማ ጨምረው እንደሚከፍሉ አሳይታለች። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ፣ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን በኑሮ ያውቁታል፤ ቤት ሲፈልጉ ከሳሎኑ በፊት የትምህርት ቤቱን ደረጃ ያያሉ። ያኛው ወላጅ ግን ከእኛው የሚለይበት አንድ ነገር አለው። ትምህርት ቤቱ ምን እንዳስመዘገበ በይፋ የወጣ ቁጥር ያነባል። የጎንደሩ ወላጅ የሚያነበው የዩኒፎርሙን ቀለምና የበሩን ማስታወቂያ ነው፤ ሌላውን ከዕድርተኛ ይሰማል።

መረጃ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሠራ በፓኪስታን ፑንጃብ ታይቷል። በ112 መንደሮች በተደረገ ጥናት፣ ከመንደሮቹ በከፊሉ የእያንዳንዱ ትምህርት ቤትና ተማሪ ውጤት በካርድ ተጽፎ ለወላጆች ተሰጠ። በእነዚያ መንደሮች የተማሪዎች ውጤት ተሻሻለ፤ የግል ትምህርት ቤቶች ክፍያም በ17 በመቶ ቀነሰ። ውድ የሆነው ሁሉ ጥሩ እንዳልሆነ ወላጅ ሲያውቅ ዋጋው ወረደ ማለት ነው። በእኛ አገር የየትምህርት ቤቱ የፈተና ውጤት በመንግሥት እጅ አለ። የጎንደር ከተማ ትምህርት መምሪያ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የእያንዳንዱን የመንግሥትና የግል ትምህርት ቤት የ6ኛ፣ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ውጤት በአንድ ገጽ አትሞ በየቀበሌው ቢለጥፍ የሚያወጣው ወጪ የወረቀት ነው።

በኪራዩ በኩል ደግሞ ሕግ አለ። በ2016 የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም በዓመት ከአንድ ጊዜ እንዳያልፍ ይደነግጋል። ለተማሪ ቤተሰብ ሁለት ዓመት ትልቅ ነገር ነው። 9ኛና 10ኛን በአንድ ውል፣ 11ኛና 12ኛን በሌላ ውል መጨረስ ይቻላል። ልጅ በመጋቢት ወር፣ ፈተና ሊደርስ ሲል፣ ጓዝ ተሸክሞ ሰፈር አይቀይርም። አዋጁ በሥራ ላይ የሚውልባቸውን ከተሞች የመወሰኑ ኃላፊነት የክልሎች ነው። በአዲስ አበባ ተጀምሯል። እንደ ደባርቅ ባሉ ከተሞች ግን አከራይዋ ራሷ በኪራዩ የምትኖር ባልቴት ስለሆነች፣ ወረቀቱ ብቻ ዋጋውን አይዘውም፤ ክፍል መጨመር አለበት።

ምረጥ ብባል፣ በጎንደር ከተማ ሁለትና ከዚያ በላይ ልጆች ላሉትና የአንጋፋ መንግሥት ትምህርት ቤት ደጅ የመድረስ ዕድል ላለው ቤተሰብ፣ ገንዘቡን ለቤቱ አድርግ እላለሁ። ከሚተርፈው ላይ ለአስጠኚ ጥቂት ይመድብ፣ በወላጅ ኮሚቴውም ይግባ፤ በወጣበት በር ይመለስ። አንድ ልጅ ብቻ ያለው፣ ወይም የራሱ ቤት ዳር ላይ ያለው፣ ወይም ልጁ ገና ፊደል የሚቆጥር ከሆነ የግሉን ይምረጥ፤ ለታናናሾች ቅርብ መሆንና መያዝ ከሁሉ ይበልጣል። የግል ከሆነ ግን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ አይክፈል፦ አምና የነበሩት መምህራን ዘንድሮ ስንቶቹ አሉ? ርዕሰ መምህሩ ይህን መመለስ ካልፈለገ መልሱ ተገኝቷል።

የአዘዞዎቹ ባልና ሚስት ሐምሌ ላይ 7,500 የተባለውን ቤት በ7,000 ተስማምተው ተከራይተዋል። ሦስቱም ልጆች መንግሥት ትምህርት ቤት ተመዝግበዋል። እሷ አሁን ወደ ሥራዋ በታክሲ ትሄዳለች፤ የመንገዱን ድካም ከልጆቹ ላይ አንስታ በራሷ ላይ አድርጋለች።

የድብ ባሕር አባት ግን እንዲህ ያለ ምርጫ የላቸውም። ከሊማሊሞ በታች ለከተማ ክፍያ የሚበቃ የግል ትምህርት ቤት የለም፤ ቢኖርም ከጤፉና ከማሽላው ተርፎ የሚከፈል የለም። ለእኚህ ሰው ምርጫውን መፍጠር ያለበት መንግሥት ነው፤ መንገዱም ሩቅ አይደለም። የትምህርት ሚኒስቴር ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶችን ለመገንባት ማቀዱ ጥሩ ነው፤ እነዚያ ግን በፈተና ለተመረጡ ጥቂቶች ናቸው። ለደባርቅ የሚያስፈልገው ከዚህ የሚቀል ነገር ነው፦ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ግቢ ወይም አጠገቡ፣ ሕዝቡ ድንጋይና እንጨት፣ ወረዳው ቦታና ቆርቆሮ፣ ዩኒቨርሲቲው መሐንዲስ የሚያዋጡበት፣ ለሴቶች ቀድሞ የሚሠራ የተማሪ ማደሪያ። አንድ ማብሰያ ቤት፣ ሌሊት የማይጠፋ መብራት፣ አንድ ጠባቂና አንዲት ሞግዚት። ልጆቹ ስንቃቸውን እንደ እስካሁኑ ከቤት ያመጣሉ፤ የሚቀረው ለእትዬ የሚከፈለው ብቻ ነው። ከሊማሊሞ በታች ያሉ ቀበሌዎች ለመንገድና ለቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደሚያዋጡ ያየ ሰው፣ ለዚህ ያዋጣሉ ወይ ብሎ አይጠራጠርም። ቦታውን የሚፈርመው ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ላይ ነው፤ አባቶቹ ለቅዳሜ ገበያ ሲወጡ በበሩ ያልፋሉ።